ሰባተኛዋ ብሬከር

ሙሐመድጣሂር ይህን የመብራት ጥገና ሥራ ከባልደረባው ከኡርጌሳ ለምኖ ነው የወሰደው። ሳዑዲ፣ ደማም ውስጥ የሚበላሽ መብራት ጠፍቶ አይደለም። አል ነኺል ሰፈር ያለው ይህ ቪላ የእህቱ ልጅ ዘይቡ ተቀጥራ የጠፋችበት ቤት ስለሆነ ነው።

ማዳሟ ዘይቡን ሁሩብ፣ ኮብልላለች ብላ ካስመዘገበቻት አራት ወር ሆነ። ስልኳ ዝግ ነው። የቀረው «አጎቴ፣ ለዒድ እመጣለሁ» የሚል የድምፅ መልእክቷ ብቻ ነው፤ ያ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ ወንድ ጎርናና የሆነው ድምጿ። እናቷ በየጁምዓው ከአገር ቤት፣ ከሐይቅ እየደወለች «ልጄን ወዴት አደረግሃት?» ትለዋለች። ወደዚህ አገር ያመጣት እሱ ነው። የሄደችበትን ከተማ ስም እንኳ ቢሰማ በቃው።

ዘመድነቱን ዋጥ አድርጎ ገባ። ማዳሟ በሩን ከኋላው ቆለፈችው። እሷስ ባይመጣ ደስ ባላት፤ የጠራው ባልየው ነው፣ ነገ እንግዳ አለብኝ ብሎ።

የሳሎኑ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ማዳሟ ሲህር ነው አለች፤ ያቺ ሐበሻ ስትሄድ ጥላብን የሄደችው ድግምት። ከጎረቤት ሾፌር ጋር ነው የጠፋችው፣ ጅዳ ናቸው አሉ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሠራተኛ አልቀጠርኩም፤ ቤቱን ብቻዬን ይዤ ወገቤ ተቆረጠ አለችው። ወገቧን ስትይዝ የእጇ ሒና ገና ትኩስ ነበር።

ከሾፌር ጋር! አይ ዘይቡ፣ ፊቴን አጠቆርሽው፣ አለ ሙሐመድጣሂር በሆዱ። ይህን ለእናቷ ሊነግራት ነው? እንኳን ዘንቦባት እንዲያውም ጤዛ ናት። ቢሆንም ጅዳ የምትለዋን ያዘ።

አምፖሉን ቀየረ፤ አልተሻለም። እንግዲያው መብራቱን የሚረብሸው ሌላ ዕቃ ነው ብሎ ማጠቢያውን፣ ፍሪጁን፣ ኤሲዎቹን አንድ በአንድ አጠፋ። እየጮኸ የነበረውን ቴሌቪዥን ሲነቅል ማዳሟ ተቆጣች። መብራቱ ግን አልሰማም። አንድ ደቂቃ ደህና፣ ከዚያ ድርግም፣ ደግሞ ደህና። እየጋለ የሚያርፍ ዕቃ ጠባይ ነው። ጎረቤት ብየዳ ይበይዳሉ አለችው። ሊሆን ይችላል አለ።

የብሬከሩ ሳጥን ደረጃው ሥር ነው፤ እንደ ወረቀት ቀጥ ብለው የተተኮሱ ነጫጭ ጀለቢያዎች ፊቱ ተሰቅለው ጋርደውታል። ገለል አድርጎ ከፈተው። ዕቃዋን አጥፍቶ ያልሞከራት ሰባተኛዋን ብሬከር ብቻ ነበር፣ የጣሪያው ክፍል መስመር ተብሎ የተጻፈባትን። የክፍሉን ቁልፍ ጠየቃት። አሮጌ ዕቃ ነው ያለው፣ ቁልፉም ጠፍቷል አለች፤ እሷንስ ተዋት።

ሰባተኛዋን አወረዳት። መብራቱ ቀጥ ብሎ በራ። አንድ ደቂቃ ጠበቀ፣ ሁለት ደቂቃ ጠበቀ፤ አልተርገበገበም። ቤቱም ጸጥ አለ።

«ኸላስ፣ ችግሩ አለቀ» አላትና ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ።

«ማዳም!» አለ ከጣሪያው አንድ ጎርናና የሴት ድምፅ፣ በሐበሻ ዓረብኛ፣ «መብራት ጠፋ፤ ካውያው ቀዘቀዘብኝ።»