ሻንቶ ላይ የተነሳው ፎቶ

"ቁልፉን አምጣ!"

ኤርካሎ ከሲኖትራኩ ገና መውረዱ ነበር…

የመኪናው ባለቤት እትዬ አሳየሽ ሶዶ መጋዘኗ በር ላይ ቆማ ስልኳን ፊቱ ላይ ደቀነችበት።

ፎቶ ነው። እሱ ራሱ፣ ሻንቶ ከተማ መንገድ ዳር፣ መኪናው ጥላ ስር አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

"እቃዬ ይጠበቃል፣ አንተ ለሽ ብለሃል!"

"እትዬ፣ እንቅልፍ እየታገለኝ ከምነዳ ዳር ይዤ ትንሽ ባርፍ ይሻላል ብዬ ነው…"

"ማረፍ ካማረህ ቤትህ እረፍ!"

አለቀ። ስንት ዓመት መኪናዋን እንደ ዓይኑ ብሌን የጠበቀ ሰው በአንድ ፎቶ ተባረረ!

ማን ነው ያነሳው?

ታናሽ ወንድሙ ይስሐቅ ቤቱ መጥቶ አቀፈው። "ትግሉ ነው! በሻንቶ ሲያልፍ አይቶህ ይሆናል። ያንተን መኪና ሲመኝ የኖረ ሌላ ማን አለ?"

ትግሉ ጎረቤታቸው ነው፣ እሱም ሹፌር ነው። ኤርካሎ አመነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትግሉን ሰላምታ ነሳው።

ወንድሙን እንዴት አያምን? መንዳት ያስተማረው ራሱ ኤርካሎ ነው። መንጃ ፈቃድ ይዞ ስራ ሲያጣ "ና፣ መንገዱን ላለማምድህ" ብሎ በየጉዞው ጎኑ ያስቀመጠው እሱ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ይስሐቅ ነው፣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል…

"ወንድሜ ድረስልኝ! ከሶዶ ወጥቼ ቁልቁለቱ መሃል ቆሜያለሁ… ጎማው ይጨሳል፣ ፍሬኑ አልይዝ አለኝ! ውሃ ልድፋበት?"

"እንዳትደፋ! የጋለ ብረት ይሰነጠቃል። ቆይ… የማን መኪና ነው የያዝከው?"

"ጭሱ እየባሰ ነው ወንድሜ…"

"ይስሐቅ! የማን መኪና?"

"የ… የእትዬ አሳየሽ።"

ኤርካሎ ቁጭ አለ።

ሻንቶ ላይ ሲተኛ አጠገቡ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው… "እኔ ትንሽ ልረፍ፣ አንተ እቃውን ጠብቅልኝ" ያለው ሰው!

እግዚኦ! የገዛ ወንድም?

ስልኩን ሊዘጋው ነበር… ግን ከቁልቁለቱ ስር ገበያተኛ አለ፣ ባጃጅ አለ። መሪውን የያዘውም የእናቱ ልጅ ነው።

"ስማኝ" አለው እንባውን እየዋጠ። "ጎማው ስር ድንጋይ አድርግ። እስኪበርድ አትንቀሳቀስ፣ ማንም ቢቸኩልብህ። ከበረደ በኋላ ፍሬኑን ሞክረው፣ ካልያዘ መካኒክ ሳይመጣ እንዳትነሳ። ከያዘ በከባድ፣ ማለት በዝቅተኛ ማርሽ ውረድ፣ ፍጥነቱን ሞተሩ ይያዝልህ። ፍሬን ላይ ተኝተህ አትውረድ… ስንቴ ነግሬህ ነበር!"

ከሰዓት በኋላ ይስሐቅ መልሶ ደወለ። በሰላም ወርዷል።

"ጌታ ይባርክህ ወንድሜ!… ግን እባክህ ለእትዬ እንዳትነግራት፣ ታባርረኛለች።"

በቃ! ስለ ፎቶው አንዲት ቃል የለም!

"ለእሷስ አልነግራትም" አለ ኤርካሎ። "ለእናታችን ግን ምን ብዬ ልንገራት?"

ስልኩን ዘግቶ ትግሉ ቤት ሄደ፣ ይቅርታ ሊጠይቅ…

ወዳጆቼ፣ በተለይ ሹፌሮች፣ እንቅልፍ ሲመጣ ዳር ይዛችሁ እረፉ፣ ሰነፍ የሚላችሁ ይበል። ስትተኙ ግን ማን አጠገባችሁ እንዳለ እወቁ። ጣት ወደተቀሰረበት ሰው ከመዞራችሁ በፊትም ጣቱን የቀሰረውን ሰው ደህና አድርጋችሁ እዩት!

እስቲ ሳትዋሹ ንገሩኝ… እናንተ ብትሆኑ ያንን ስልክ ትዘጉት ነበር?