የሰባት ሰዓቱ ትርታ

በ1999 ዓ.ም. ከሰቆጣ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ክሊኒክ ኮምፒዩተር ነበር። አንድ ተመራማሪ ሐኪም የብዙ ሕሙማንን የልብ ምት፣ ትንፋሽና ሙቀት አስተምሮት ሄዷል። ነርሱ ደግሰው የጠዋቱን ልኬት ሲያስገባለት የቀኑን ተንብዮ በወረቀት ያወጣል። ስቶ አያውቅም።

አንድ ጠዋት በሁለት ሰዓት የእማሆይ ወለተ ሚካኤል ትንፋሽ ቆመ። ደግሰው አንገታቸውን ዳሰሰ፤ ደረታቸውን ደጋግሞ አዳመጠ። ከዚያ ዜሮ ብሎ አስገባ፤ አርፈዋልም ብሎ ፈረመ። ወንድማቸው መሪጌታ ይሄይስ አስከሬኑን በቃሬዛ አስወሰዱ።

ወደ ሰባት ሰዓት ግድም ደግሰው ባዶውን አልጋ ሊያነጥፍ ሲገባ ወረቀቱን አየ። በእማሆይ ስም ወጥቷል።

«አራት ሰዓት፦ የልብ ምት ሃያ ስምንት። ስድስት ሰዓት፦ ስልሳ። ሰባት ሰዓት፦ መቶ አርባ፤ ትንፋሽ አምሳ።»

ከዚያ በታች የተጻፈ የለም።

ጋወኑን ሳያወልቅ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጠ። ለቀስተኛው ዳገቱን እየወረደ ነበር። መሪጌታ ከፊት ናቸው።

«ምነው ልጄ፣ አሁን ትመጣለህ? ቀብሩ እኮ አለቀ። ለፍትሐቱ ነበር መድረስ።»

«መሪጌታ፣ ወደ ጉድጓድ ሲያወርዷቸው ቀዝቅዘው ነበር?»

የመሪጌታ ፊት በራ።

«አልቀዘቀዘችም! ከጠዋቱ ይልቅ ሞቀች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። የጻድቅ ገላ አይበርድም አልንና፣ ሴቶቹ እልል እያሉ ድንጋዩን ጫንንባት።»