አሮጌው ማግኔት

እማማ ደሜ ፊደል ስላልቆጠሩ ጆሯቸውም እንዳልተማረ ነው የሚታየው። ጦር ኃይሎች፣ ጊታር ጠጋኙ ሁንዴ ሱቅ ውስጥ፣ የልጅ ልጃቸው ሌሊሴ ለቸርች ጊታሯ በተቃጠለው ምትክ ድምፅ የሚስብ ማግኔት ስትመርጥ ማንም አላማከራቸውም።

«ከአዲሶቹ ይሄ አሮጌው ይሻላል» አሉ ሳይጠየቁ፣ ከመደርደሪያው አንዱን እያነሱ።

ሁንዴ ሳቀ። «እማማ፣ ደግሞ ጊታርም ያውቃሉ?»

«አንተ ሳትወለድ ድምፅ እለያለሁ! ይልቅ ግጠመው።»

ገጠመው። ገና ክሩ ሳይወጠር ስፒከሩ አጉረመረመና የሌሊሴ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ፦ «እማማ፣ እቤት ቆልፈሽብኝ ከማን ጋር ነው የወጣሽው?»

አጠገባቸው የቆመችው ሌሊሴ ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። ሁንዴ ደንግጦ ሶኬቱን ነቀለ። ድምፁ ግን አልቆመም፤ በር እየደበደበ ይጣራል።

እማማ ደሜ የልጅቷን እጅ ጨምድደው ያዙ።

«የኔዋ ሌሊሴ ከሆንሽ፣ እስቲ ያባቶችሽን ስም እስከ ሰባት ቁጠሪልኝ።»