ከሁለቱ የቱን ልያዝ?

ደብረወርቅ ከሐሙሲት ተዛውራ ወረታ ካለው ኮሌጅ በመምህርነት ከገባች ወዲህ መምህር በላቸውን እህል አይጥመውም።

ድሮ ኮምፒውተር ሲያስቸግር የሚጠራው እሱ ነበር። አሁን «ደብረወርቅን ጥሯት» ይባላል። ተማሪዎች በሩዙ ማሳ ዳር እየተከተሉ ይጠይቋታል። ዲኑ ሳይቀር ሰሞኑን ቢሮው ያስገባትና በሩን ይዘጋል። በላቸው በዚያ በኩል ሲያልፍ እርምጃውን ይቀንሳል፤ የሚሰማው ግን ሹክሹክታ ብቻ ነው።

የኮሌጁ የኮምፒውተር ደኅንነት ኃላፊ በፈተና ይመረጣል ተብሎ ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ በላቸው ለማንም ሳይተነፍስ ተመዘገበ። ቢወድቅ መሳቂያ መሆን አልፈለገም። እሷ እንደምትወዳደር ግን አልተጠራጠረም።

አባቱ መሪጌታ ተክለ ማርያም ይፋግ ላይ ቅኔ ሲያስተምሩ፣ «ሊቅ ማለት አራት ዓይና ነው» ይሉ ነበር። እሱም ሁሉንም የሚዳስሰውን ወፍራሙን የደኅንነት መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ተወጣው። ቀጭኑንም ሞክሮት ነበር። መልእክት በምስጢር ስለሚቆለፍበት ዘዴ ብቻ የተጻፈ፣ ሂሳብ በሂሳብ የሆነ መጽሐፍ ነው፤ ገና ከመግቢያው ራሱን አዞረውና ተወው።

አንድ ረፋድ ደብረወርቅ ሁለቱን መጻሕፍት ታቅፋ መጣች።

«መምህር፣ መቼም ከእርስዎ የሚሰወር የለም። ለዚያ ፈተና ከሁለቱ የቱን ልያዝ?»

የበላቸው ልብ ዘለለ። ሰው እንዴት መንገዱን ከባላንጣው ይጠይቃል?

«ቀጭኑን ያዢ» አላት። «ወፍራሙ ከሁሉም ይቀነጣጥባል እንጂ ጠብ የሚል ቁም ነገር የለውም። ኃላፊ የሚሆን ሰው አንዱን ነገር ከሥሩ ይወቅ።»

«ወፍራሙን ጨርሶ ልተወው?»

«ጨርሰሽ ተይው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብላ እጅ ነሥታ ሄደች። ያን ሰሞን በላቸው እህል ጣመው። ዲኑ በሩን ሲዘጋ እንኳ እርምጃውን አልቀነሰም።

የፈተናው ዕለት በላቸው ማልዶ ደረሰ። ሌሎቹ ተፈታኞች ተራ በተራ ገብተው ተቀመጡ። ደብረወርቅ የለችም። ሂሳቡ አስደንብሯት ቀርታለች ብሎ ለብቻው ፈገግ አለ።

በሩ ተከፈተ። ደብረወርቅ የታሸገ ፖስታ ይዛ ገባች፤ እሱን ስታይ ፊቷ በደስታ በራ።

«እንዴ መምህር፣ እርስዎም ተፈታኝ ነዎት? እንኳንም ምክርዎን ሰማሁ፤ ጥያቄውን በሙሉ ያወጣሁት ከቀጭኑ ነው።»