ጥርባ ላይ የታየው እሳት

ዮዲት የጥርባን ዳገት አጋምሳ ቆመች። ትንፋሿ አልመለስ አላት። ሳተላይቱ ከሰማይ ሆኖ እሳት የመሰለ ነገር ባየ ቁጥር መልእክቱ የሚደርሰው የወረዳዋ የደን ባለሙያ ወደሆነችው ወደ እሷ ስልክ ነው። በደረሰ ቁጥር ደግሞ መውጣት አለባት። ብዙውን ጊዜ የምታገኘው አፈር የለበሰ የከሰል ክምር ነው። ዛሬም ያው ነው ብላ፣ እግሯን እየጎተተች ነበር የወጣችው።

ጉብታውን ስትሻገር ነበልባሉ ፊት ለፊት ተቀበላት። አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን በቅጠላም ቅርንጫፍ ይመቱታል። ለየቻቸው፤ አያ ይኸነው ናቸው።

"ምን ሆነው ነው፣ አያ?"

"ለከሰል ከተከልኩት የዲከረንስ ዛፍ የታመመውን ላቃጥል ብዬ ነፋሱ ቀደመኝ። ወደ ጎረቤቴ ወደ እህተማርያም ዛፍ ሊሻገር ነው! የሷ ገና ደኅና ነው።"

ዮዲት ቅርንጫፍ ዘንጥላ ከጎናቸው ቆመች። እሳቱ እዚህ ሞተ ሲሉት እዚያ ይነሳል። ጭሱ ዓይኗን አስለቀሰው፤ ክንዷ ዛለ። ሽማግሌው ተደናቅፈው ወደቁ።

ልታነሳቸው ስትጎነብስ "እኔን ተዪኝ፣ እሳቱን!" ብለው ጮኹባት።

አፈር በእጇ እየዛቀች በተነችበት። ድንበሩ ላይ፣ ከጎረቤትየዋ ዛፎች ሥር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ እሳቱ ረገበ።

ወዲያው ስልኳ ጠራ። አለቃዋ ነው።

"እሳት ነው ወይስ እንደ ልማዱ ከሰል?"

"እሳት ነው። አጥፍተነዋል።"

"ማነው የለኮሰው?"

ዮዲት ወደ ሽማግሌው ዞር አለች። እሳት የለቀቀ ሰው እንደሚከሰስ ሁለቱም ያውቃሉ።

"ስሜን ንገሪው፣ ልጄ" አሉ አያ ይኸነው። "ደብቂኝ አላልኩሽም።"

"አያ ይኸነው ናቸው" አለች። "ስደርስ ብቻቸውን ሲያጠፉ ነው ያገኘኋቸው።"

"ነገ ቢሮ ይምጡ" ብሎ ዘጋው።

ጠቁሮ በቀረው ማሳ ዳር ተቀመጡ። ሽማግሌው በአዊኛ ለራሳቸው አንድ ነገር አጉረመረሙና ወደ እሷ ዞሩ።

"ልጆቼን ያስተማርኩት የዚህን ዛፍ ከሰል ሸጬ ነው። እነሱም ሄዱ፣ ዛፉም ይኸው። ከእንግዲህ ምን ልትከል?"

ባለሙያዋ እሷ ናት። ከተቃጠለ ቅርንጫፍ ቅርፊቱን ልጣ አገላብጣ አየችው።

ፀሐይዋ ዘቀዘቀች፤ የጥርባ ብርድ ከዳገቱ ሥር ካለው ሐይቅ በኩል ሽቅብ መጣ። ሁለቱም ሳያስቡት ጥቀርሻ የለበሰ እጃቸውን ወደ ፍሙ ዘረጉ።