የገምጋሚው ምሳ

«የለም፣ የለም፣ እትዬ! ምሳ መጋበዝ ጉቦ ነው» አለ ገምጋሚው፣ ከወንበሩ ብድግ እያለ። የወረዳውን አገልግሎት እንዲገመግም ከክፍለ ከተማ የተላከ ሰው ነው።

«ጉቦማ ለሚፈርም ሰው ነው፤ እርስዎ ብቻ ይቀመጡ» አሉና ወይዘሮ እታፈራሁ ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት።

ሰውየው ሊደልሉኝ ነው ብሎ ፈርቷል። የእሳቸው ጭንቅ ግን ሌላ ነው። የነገው የማርያም ማኅበር ተራ የእሳቸው ሲሆን በርሜላቸው ደርቆ ከርሟል። ወረዳው ውሃ የሚለቀው ገምጋሚ ሲመጣ፣ መልሶ የሚዘጋው ደግሞ ገምጋሚው ዞር ሲል መሆኑን ሠፈሩ ከደረሰበት ቆይቷል። ስለዚህ መጀመሪያ በሽሮ ያዙት፤ ቀጥለው «በሞቴ» እያሉ በጉርሻ ያዙት፤ እሱ ሲያልቅ የልጃቸውን የሠርግ አልበም አመጡ። ጓሮ በርሜሉ ይንዶቆዶቃል።

ሙሽራዋ ኬክ የምትቆርስበት ፎቶ ላይ ሲደርሱ ሰውየው ነቃባቸው። ወደ ጓሮው አንገቱን አስግጎ፣ «እትዬ፣ ይሄ ውሃ እኔ ስሄድ ይሄዳል ማለት ነው?» አለ።

«አብራችሁ ነው የምትመጡት፣ አብራችሁ ነው የምትሄዱት።»

ገምጋሚው ቦርሳውን ከፈተ። ወይዘሮ እታፈራሁ «በቃ፣ ሊጽፍብን ነው» ብለው አማተቡ። ከቦርሳው የወጡት ግን አራት ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ናቸው።

«እኛ ሠፈር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ገምጋሚ ከመጣ ወር አልፎታል። እነዚህን ብቻ ቶሎ ልቅዳና ልሂድ?»

«ምን ያስቸኩልዎታል?» አሉ ወይዘሮ እታፈራሁ፣ «ቀስ ብለው ይቅዱ።»