ዳገቱ መሐል

ተኩሱ ወደ ሐይቅ ከተማ ሲቀርብ፣ እናቱንና ትንሿን ልጁን በኤሌክትሪክ ብስክሌቱ አፈናጦ ወደ ደሴ ሸሸ። ዳገቱ መሐል ብስክሌቱ ማቃሰት ጀመረ፤ የባትሪው መብራት ቀላ።

«ምን ሆነ?» አለች እናቱ ከኋላ።

«ዳገት ላይ ሞተሩ ባትሪውን ይመጥጠዋል፣ እማ። ጭነቱ በከበደ ቁጥር ይብስበታል።»

እናቱ ሻርፗን ከትከሻዋ አውርዳ፣ በመሐላቸው እንቅልፍ የወሰዳትን ልጅ ከጀርባው ጋር ጥፍር አድርጋ አሰረቻት። እንዳትወድቅ ብላ ነው ሲል አሰበ። ሞተሩን ሊያግዘው ፔዳሉን በኃይሉ ይረግጥ ጀመር።

ትንሽ እንደሄደ ብስክሌቱ ቀለል አለው። ቀዩ መብራትም ወደ አረንጓዴ ተመለሰ።

«አብሽሪ እማ! አልሐምዱሊላህ፣ ባትሪው ነፍስ ዘራ!»

ዞር ሲል እናቱ ከታች፣ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ የሙስበሃ መቁጠሪያዋን የያዘ እጇን ወደ ደሴ ዘርግታ ነበር።